ነግ በእኔ፦ ዲትሮይት አሸንፎ ለምን አቤት አለ?

ጃንዋሪ 5 ቀን 2025፣ እሁድ ማታ። ዲትሮይት የሚገኘው ፎርድ ፊልድ ስታዲየም ጢም ብሏል። ባለሜዳው ዲትሮይት ላየንስ ነው፤ እንግዳው ሚኔሶታ ቫይኪንግስ። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ መደበኛ ውድድሩን የሚዘጋው በዚህ ጨዋታ ነው።

ሁለቱም እስከዚያች ምሽት 16 ጨዋታ አድርገው 14ቱን አሸንፈዋል። ሲደመር 28 ድል። በመደበኛ ውድድር ይህን ያህል ድል ተሸክመው የተገናኙ ሁለት ቡድኖች ከዚያ በፊት አልነበሩም። ሁለቱም ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚመጣው ጥሎ ማለፍ፣ መግባታቸውን ካረጋገጡ ቆይተዋል። ታዲያ ምን ቀራቸው ትሉ ይሆናል። ብዙ ነገር ቀርቷል። ያሸነፈው በኮንፈረንሱ (ሊጉ ከሚከፈልባቸው ሁለት ጎራዎች በአንዱ) 1ኛ ይሆናል፤ አንድ ሳምንት ያርፋል፤ ከዚያ እያሸነፈ ከሄደ እስከ ሱፐር ቦውል፣ እስከ ዋንጫው ፍጻሜ ድረስ ከሜዳው አይወጣም። የተሸነፈው 5ኛ ይሆናል። ሻንጣውን ይዞ ሰው አገር ይሄዳል። በመሀል ያሉት 2ኛ፣ 3ኛ እና 4ኛ ደረጃዎች ለተሸናፊው ዝግ ናቸው። ከአንደኛ ወደ አምስተኛ፣ በአንድ ምሽት።

ዲትሮይት 31 ለ 9 አሸነፈ። ጃሚር ጊብስ ብቻውን አራት ተችዳውን (ኳሷን ከተጋጣሚ መጨረሻ መስመር አሻግሮ የሚገኝ ጎል) አስቆጠረ። የሚኔሶታው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ፣ ሳም ዳርኖልድ 41 ጊዜ ወርውሮ የተሳካለት 18ቱ ብቻ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ የዲትሮይቱ አሰልጣኝ ዳን ካምቤል የሚኔሶታውን ኬቨን ኦኮኔልን ሊሰናበት ሄደና ከሁለት ሳምንት በኋላ እንገናኛለን አለው። ፕሌይኦፍ ላይ ማለቱ ነው። ያ ቀጠሮ ምን እንደደረሰበት እንመጣበታለን።

እኔን የገረመኝ ግን የዚያ ምሽት ጨዋታ አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ የሆነው ነው። ይህ ደንብ ፍትሕ የለውም፣ ይቀየር ብሎ ለሊጉ የውሳኔ ሐሳብ ያስገባው ማን መሰላችሁ? ሚኔሶታ አይደለም። ዲትሮይት ነው። ያሸነፈው፣ 1ኛ የሆነው፣ በደንቡ የተጠቀመው ዲትሮይት።

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የ2024 ውድድር ዘመን ስል ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 2025 ያለቀውን ነው።)

አብዛኞቻችን ኳስ የምናውቀው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። እዚያ 20 ክለብ አለ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል። መጨረሻ ላይ ሰንጠረዡን ማየት ነው፤ ብዙ ነጥብ ያለው ዋንጫውን ይወስዳል፣ አለቀ። ኤንኤፍኤል ውስጥ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። 32 ቡድን አለ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግን 17 ጨዋታ ብቻ ነው። አጥንት የሚሰብር ጨዋታ ነውና ማብዛቱም ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ ፊታቸውን እንኳ የማያያቸው ብዙ ቡድኖች አሉ።

32ቱ በሁለት ኮንፈረንስ ይከፈላሉ፦ ኤኤፍሲ እና ኤንኤፍሲ። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ አራት ምድብ አለው፤ በየምድቡ አራት ቡድን። ይህ አከፋፈል ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው። ከ2020 ወዲህ ከየኮንፈረንሱ ሰባት ቡድን ፕሌይኦፍ ይገባል። አራቱ የየምድባቸው አሸናፊዎች ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ምድባቸውን ባያሸንፉም በውጤታቸው የገቡ ናቸው፤ ዋይልድ ካርድ ይባላሉ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለው ደረጃ የምድብ አሸናፊዎች ርስት ነው። ዋይልድ ካርድ የሆነ ቡድን የፈለገውን ያህል ቢያሸንፍ ከ5ኛ በላይ አይወጣም። በመጀመሪያው ዙር 2ኛ ከ7ኛ፣ 3ኛ ከ6ኛ፣ 4ኛ ከ5ኛ ሲጫወቱ ሜዳው የባለርስቱ ነው። 1ኛው ያርፋል።

አሁን የ2024ቱን ኤንኤፍሲ እንይ። ዲትሮይት 15 አሸንፎ 2 ተሸንፎ 1ኛ ሆነ። ፊላደልፊያ ኢግልስ በ14 ድል 2ኛ። ታምፓ ቤይ ባካኒርስ በ10 ድል 3ኛ። ሎስ አንጀለስ ራምስ በ10 ድል 4ኛ። ከዚያ በኋላ ነው ሚኔሶታ የሚመጣው፤ 14 አሸንፎ 3 ተሸንፎ 5ኛ። 12 ጊዜ ያሸነፈው ዋሽንግተን ኮማንደርስ 6ኛ፣ 11 ጊዜ ያሸነፈው ግሪን ቤይ ፓከርስ 7ኛ። ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች አንብቡትማ። 15፣ 14፣ 10፣ 10፣ 14፣ 12፣ 11። ደረጃ ሳይሆን የስልክ ቁጥር ነው የሚመስለው። በሊጉ ታሪክ 14 ጨዋታ አሸንፎ በዋይልድ ካርድ የገባ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም።

እና ሚኔሶታ 10 ጊዜ ወዳሸነፈው ራምስ ሄደ። ሄደ ስል እንኳ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። በዚያ ሳምንት ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት እየነደደች ነበር። ሊጉ ጨዋታውን ወደ አሪዞና፣ ግሌንዴል ከተማ አዛወረው። ራምስ ባለሜዳ ተብሎ የተጫወተው በሌላ ግዛት፣ በሌላ ቡድን ስታዲየም ነው። ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ ማታ፣ 27 ለ 9 አሸነፈ። ዳርኖልድ ኳሷን ሳይወረውር ዘጠኝ ጊዜ መሬት ላይ ተደፋ። በፕሌይኦፍ ታሪክ ከዚያ በላይ የተደፋ የለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ይህ ጨዋታ ክርክሩን ያቀጣጠለ እንጂ ያረጋገጠ አይደለም። ሚኔሶታን የጣለው ሜዳ ነው ለማለት ሜዳው ራሱ የራምስ አልነበረም። ዘጠኝ ጊዜ የተደፋ ኳርተርባክ በገዛ ቤቱም ቢሆን ያሸንፋል ብሎ መማል ይከብዳል። የሚኔሶታ ደጋፊዎች ብስጭት ይገባኛል፤ በደል ተሰርቶብናል የሚሉት ግን ከጨዋታው በፊት በነበረው አደላደል ላይ ቢሆን ይሻላል።

ዲትሮይትስ? አንድ ሳምንት አርፎ ጃንዋሪ 18 በፎርድ ፊልድ ዋሽንግተንን ጠበቀ። ዋሽንግተን 6ኛ ሆኖ የገባ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን በሚጫወተው ጄደን ዳንኤልስ የሚመራ ቡድን ነው። ዲትሮይት አምስት ጊዜ ኳስ አስረክቦ 45 ለ 31 ተሸነፈ። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢዎች ያቺን ማታ የምትረሷት አይመስለኝም። እናም የዳን ካምቤል የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሲደርስ ሁለቱም ቡድኖች ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር።

ማርች ላይ ዲትሮይት ሐሳቡን አስገባ። በሊጉ አሠራር ማንኛውም ቡድን የደንብ ለውጥ ማቅረብ ይችላል። ለመጽደቅ ከ32ቱ የክለብ ባለቤቶች የ24ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። የዲትሮይት ሐሳብ ደግሞ ያን ያህል አብዮት አልነበረም። የምድብ አሸናፊ ፕሌይኦፍ መግባቱ ይቀጥል ይላል። ማንም አይባረርም። ነገር ግን ከገቡ በኋላ ማን 1ኛ፣ ማን 7ኛ የሚለው በውጤት ይወሰን። 14 ጊዜ ያሸነፈ ዋይልድ ካርድ 10 ጊዜ ካሸነፈ የምድብ አሸናፊ በላይ ይቀመጥ። ይኸው ነው።

በዚያ ስሌት ብንሄድ ሚኔሶታ 3ኛ ሆኖ በሜዳው ይጫወት ነበር። ዋሽንግተን 4ኛ ሆኖ ግሪን ቤይን ይቀበል ነበር። ታምፓና ራምስ 6ኛና 7ኛ ሆነው ይጓዙ ነበር። በኤኤፍሲ በኩልም 11 ጊዜ ያሸነፈው ቻርጀርስ 10 ጊዜ ወዳሸነፈው ሂዩስተን ቴክሳንስ ባልሄደ። ሄዶ 32 ለ 12 ነው የተሸነፈው። ከመጀመሪያው ዙር ስድስት ጨዋታዎች በሦስቱ ላይ የተሻለ ውጤት ያለው ቡድን እንግዳ ነበር ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ አሸነፈ፤ ዋሽንግተን፣ ታምፓን 23 ለ 20።

ዲትሮይት ይህን ሲያደርግ ምን አስቦ ነው? መልሱ በአማርኛ ሁለት ቃል ነው፤ ነግ በእኔ። ያቺን እሁድ ማታ ቢሸነፍ ኖሮ 14 ድሉን ይዞ ወደ ራምስ የሚጓዘው እሱ ነበር። ከገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች አይቷል። የሚኖርበት ምድብም ቀላል አይደለም። በዚያ ዓመት ከአራቱ የምድቡ ቡድኖች ሦስቱ ፕሌይኦፍ ገብተዋል። ዘንድሮ የተረፈ ለከርሞ እንደሚተርፍ ዋስትና የለውም።

ደግሞ ዲትሮይት የምድብ ዋንጫን የሚንቅ ከተማ አይደለም። እስከ 2023 ድረስ ለ30 ዓመት አንድም ምድብ አላሸነፈም ነበር። ጃንዋሪ 2024 ላይ በሜዳው ራምስን 24 ለ 23 ሲያሸንፍ ከ32 ዓመት በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ የፕሌይኦፍ ድል ነው። የምድብ አሸናፊ ሆኖ በሜዳ መጫወት ምን እንደሚጣፍጥ ከዲትሮይት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ያቀረበው ክለብ የነገሩን ዋጋ አያውቅም ማለት አይቻልም።

ክርክሩ ግን ከዲትሮይት ይቀድማል። እንዲያውም በፊት የነበረው ከዛሬው የባሰ ነው። ከ1975 በፊት ሜዳው የሚወሰነው በውጤት ሳይሆን በየምድቡ ተራ ነበር። በ1972 ማያሚ ዶልፊንስ 14 ተጫውቶ 14 አሸነፈ። አንድም አልተሸነፈም። የኮንፈረንሱን ፍጻሜ የት ተጫወተ? ፒትስበርግ ሄዶ። ፒትስበርግ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል፤ ግን ተራው የእሱ ነበር። ማያሚ 21 ለ 17 አሸንፎ ወጣ፤ ከዚያም ሱፐር ቦውሉን ጨምሮ ዓመቱን ያለምንም ሽንፈት ጨረሰ። እስከ ዛሬ እንደ እሱ ያደረገ የለም። ያን ቀን ተሸንፎ ቢሆን ስለ ደንቡ ዛሬም ስንጨቃጨቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በ2008 ጸደይም የዲትሮይትን የመሰለ ሐሳብ ለባለቤቶቹ ቀርቦ ነበር። ደጋፊ አጥቶ ተመለሰ። ደንቡ የተሳለቀ ይመስል፣ በዚያው ዓመት በጀመረው ውድድር ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ 11 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጪ ቀረ። ሳን ዲዬጎ ቻርጀርስ 8 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ምድቡን ወሰደና ገባ። መግባት ብቻ አይደለም፤ 12 ጊዜ ያሸነፈውን ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን በሜዳው ተቀብሎ በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 17 አሰናበተው።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው ግን ሲያትልን ነው። በ2010 ሲያትል ሲሆክስ 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው ይበዛል። ምድቡ ውስጥ ግን ከእሱ የተሻለ አልነበረም። በሙሉ ውድድር ዘመን እንዲህ ባለ ውጤት ምድብ ያሸነፈ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ጃያንትስና ታምፓ ቤይ 10 ጊዜ አሸንፈው ውጪ ቀርተዋል። ወደ ሲያትል የተላከው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን የነበረው፣ 11 ጊዜ ያሸነፈው ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ነው። መሳቂያ ይሆናሉ ተባለ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2011 ሲያትል 41 ለ 36 አሸነፈ። ማርሾን ሊንች አንዱን ከአንዱ እያላተመ 67 ያርድ ሮጦ ተችዳውን ሲያስቆጥር ስታዲየሙ የጮኸውና የዘለለው በአካባቢው ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ ላይ ተመዘገበ። ቀልድ አይደለም፤ መሬቱ ተንቀጥቅጧል።

ይህን ታሪክ ሁለቱም ወገን ለየራሱ ይጠቅሰዋል። ለውጥ ፈላጊው ዘጠኝ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ሻምፒዮኑን እንዴት በቤቱ ይቀበላል ይላል። ነባሩን ደጋፊ ደግሞ ይኸው አሸነፈ አይደል እንዴ ይላል። የኋለኛው ግን ራሱን በራሱ ይዞራል። ያን ያህል ደካማ ቡድን ያን ያህል ጠንካራ ቡድን ካሸነፈ፣ ምክንያቱ መሬት ያንቀጠቀጠው ሜዳ ቢሆንስ? ሜዳው ይህን ያህል ዋጋ ካለው፣ ማን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ ምክንያት አላቸውና። በጣም ጠንካራው ክርክር የመርሐ ግብሩ ነው። የአንድ ምድብ ቡድኖች እርስ በርስ 6 ጨዋታ ያደርጋሉ። ከዚያ ከሁለት ሌሎች ምድቦች ጋር 8 ጨዋታ አላቸው፤ እነዚህም ለአራቱም አንድ ናቸው። ከ17ቱ 14ቱ ተቀራራቢ ፈተና ነው ማለት ነው። ስለዚህ በምድብ ውስጥ ማን በለጠ ብሎ ማወዳደር ያስኬዳል። ከምድብ ውጪ ግን የአንዱ 14 ድል እና የሌላው 10 ድል በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የተለያየ ፈተና የተፈተኑ ሁለት ተማሪዎችን በነጥብ ብቻ ደረጃ ማውጣት ይሆናል።

ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። ሚኔሶታ ላይ ሳውለው ግን ይላላል። ሚኔሶታ 15 ጊዜ ካሸነፈው ዲትሮይት ጋር ሁለት ጊዜ፣ 11 ጊዜ ካሸነፈው ግሪን ቤይ ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውቷል። ራምስ እነዚህን ያገኛቸው አንድ አንድ ጊዜ ነው። የሚኔሶታ ፈተና ከራምስ ቀለለ የሚል ካለ ያሳየኝ። አራት ድል የሚያህል ልዩነት ደግሞ በመርሐ ግብር ብቻ አይመጣም።

ሚኔሶታን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ያውም ሰው ብዙም አያነሳውም። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው። ሁለቱ በዲትሮይት፦ ኦክቶበር ላይ በገዛ ሜዳው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች 31 ለ 29፣ ከዚያ ያቺ የጃንዋሪ ማታ። ሦስተኛውስ? ኦክቶበር 24፣ በራምስ፣ 30 ለ 20። አዎ፣ በራሱ በራምስ። እኔ የራምስ ደጋፊ ብሆን ስለ 14 ድል ለሚያወራኝ ሰው ይህን ብቻ ነግሬ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

የምድብ ፉክክር ነፍሱ ይወጣል የሚል ስጋትም አለ። ዲትሮይትና ሚኔሶታ፣ ግሪን ቤይና ቺካጎ ለአሥርት ዓመታት የተናከሱት ለዚህች የምድብ ዘውድ ነው። ዘውዱ የቤት ጨዋታ ካላመጣ ባዶ ዘውድ ይሆናል ይላሉ። ያቺ የጃንዋሪ 5 ምሽት ሰውን ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ የሰቀለችው፣ ተሸናፊው 5ኛ ስለሚሆን አይደለም ወይ? ልክ ናቸው፤ በከፊል። በዲትሮይት ሐሳብም ቢሆን ያቺ ምሽት ትልቅ ነበረች። ያሸነፈ ያርፋል፣ የተሸነፈ 3ኛ ይሆናል። ግለቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

በሌላ በኩል የዛሬው ደንብ የሚገድላቸው ጨዋታዎች አሉ። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በዚያው እሁድ፣ ጃንዋሪ 5፣ ራምስ ከሲያትል ጋር ይጫወት ነበር። ራምስ ምድቡን ቀድሞ አረጋግጧል። የቤት ጨዋታውም በኪሱ ነው። ስለዚህ ዋና ኳርተርባኩን ማቲው ስታፎርድን አሳረፈና 30 ለ 25 ተሸነፈ። የቤት ጨዋታውን ግን አላጣም። እንዲያውም ሲያትል በዚያ ድል 10 አሸንፎ ከራምስ እኩል ሆነ። ዝርዝር መለያው ለራምስ ስለሚያደላ ግን ከፕሌይኦፍ ውጪ ቀረ። እኩል ያሸነፉ ሁለት ቡድኖች፤ አንዱ የቤት ጨዋታ፣ አንዱ ቤቱ። ደረጃው በውጤት ቢሆን ኖሮ ራምስ ያን ቀን ስታፎርድን ወንበር ላይ አያስቀምጥም። አሥራ አንደኛዋ ድል ዋጋ ይኖራት ነበር። ለእኔ የዲትሮይት ሐሳብ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ስለ ፍትሕ ከሚባለው ይልቅ፣ የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ እንዲጫወቱት ማድረጉ።

እንግዲህ ስብሰባው። ባለቤቶቹ በማርች መጨረሻ ፓልም ቢች፣ ፍሎሪዳ ተሰበሰቡ። ሐሳቡ ተነሳ፤ ድምፅ ሳይሰጥበት ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በስብሰባ ቋንቋ ይቀጠር ማለት ምን እንደሆነ እኛ አበሾች ማንም አያስረዳንም። የሚቀጥለው ስብሰባ ሜይ ላይ ነበር። ቦታው? ሚኒያፖሊስ። የቫይኪንግስ ከተማ፣ ብዙ ወገኖቻችንም የሚኖሩባት። የሚኔሶታን እምባ ሊያብስ የተረቀቀው ሐሳብ እዚያው ሚኔሶታ ውስጥ ሞተ። ዲትሮይት 24 ድምፅ እንደማያገኝ አይቶ ድምፅ ሳይሰጥበት መልሶ ወሰደው።

24 ቀላል ቁጥር አይደለም። በዚያው ስብሰባ ግሪን ቤይ ያቀረበው ሌላ ሐሳብ ነበር። ፊላደልፊያ የተካነበትን፣ ኳርተርባኩን ከኋላ ገፍቶ አጭር ያርድ የማግኘት ዘዴ ለማገድ። 22 ደገፉ፣ 10 ተቃወሙ። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ደግፎ ወደቀ። የዲትሮይት ሐሳብ እዚያ ደረጃ እንኳ አልደረሰም።

ለምን አልደረሰም? እኔ የማየው እንዲህ ነው። ዲትሮይት ነግ በእኔ ብሎ ሐሳቡን እንዳቀረበ ሁሉ፣ ሌሎቹም ነግ በእኔ ብለው ነው ያልደገፉት። የሚፈሩት ነገር ብቻ ተቃራኒ ነው። ዲትሮይት ጠንካራ ምድብ ውስጥ ስላለ 14 አሸንፎ መሰደድን ይፈራል። ሌላው ባለቤት ግን መጥፎ ዓመት መጥቶ 9 ወይም 10 ድል ብቻ ቢያገኝ፣ ምድቡም ቢደክም፣ ቢያንስ አንድ የቤት ጨዋታ ትደርሰኛለች ብሎ ያስባል። ለክለቡ ያ አንድ ቀን ነው፤ ለከተማው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው ነገር ነው። 14 ጊዜ አሸንፎ ሁለተኛ መውጣት በታሪክ አንድ ጊዜ የገጠመ ነው። በ9 ወይም በ10 ድል ምድብ ማሸነፍ ግን ብዙ ጊዜ ይሆናል። ባለቤት ሆናችሁ ብታሰሉት የትኛውን ኢንሹራንስ ትገዛላችሁ?

እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ለዲትሮይት እሰጥ ነበር። ግን በልበ ሙሉነት አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ድል ለሚሆን ልዩነት የምድብ አሸናፊውን ቤት መንጠቅ ይከብደኛል፤ የመርሐ ግብሩ ክርክር እዚያ ላይ ይሠራል። ሦስት አራት ድል ሲሆን ግን ወሰን ይበጅለት ባይ ነኝ።

ታሪኩ በሜይ 2025 አላበቃም። ደንቡ እንዳለ ቀጠለ፤ ቀጣዩ ውድድርም አለቀ። ጃንዋሪ 2026 ላይ ካሮላይና ፓንተርስ 8 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ምድቡን ወሰደና 4ኛ ሆነ። ሜዳውን አስውቦ እንግዳ ጠበቀ። 12 ጊዜ አሸንፎ፣ በምድቡ ተቀድሞ፣ 5ኛ ሆኖ የመጣው እንግዳ ማን ነበር? ከዓመት በፊት 10 አሸንፎ ባለሜዳ የተባለው ራምስ። ጨዋታው ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀረው ነው ነፍሱን ያተረፈው፤ 34 ለ 31።